ያላለቀ ጌም አሁን መግዛት፣ መጠበቅ ወይስ ያለቀ አሮጌ ጌም? ወሎ ሆነን ስንከፍል የቱ ያዋጣል

ሰሞኑን ደሴም ኮምቦልቻም ያሉ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፣ «ይሄ ጌም ኧርሊ አክሰስ ላይ ነው፣ አሁን ልግዛው ወይስ ልጠብቅ?» የሚል። ከፒኤስ ቤት ወጥተው በራሳቸው ላፕቶፕ በራሳቸው አካውንት ጌም መያዝ የጀመሩ ልጆች በዝተዋል፣ እሱ በጣም ደስ ይለኛል፣ የሚያሳስበኝ ግን ብሩ ነው። እኛ ጋ 20 ዶላር ቀላል ብር አይደለም፣ አንዴ ከወጣ ደሞ የሚመለስበት መንገድ ጠባብ ነው። ስለዚህ ያሉትን አማራጮች ጎን ለጎን አድርጌ ለኛ አካባቢ ሰው የቱ እንደሚሻል የማምንበትን ልጻፍላችሁ፣ ረዘም ይላል ግን ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡት።

መልሴን ከላዩ ልንገራችሁ። ብዙውን ጊዜ ያለቀ፣ ትንሽ የቆየ ጌም በዲስካውንት መግዛት ይሻላል። ያላለቀ ጌም መግዛት የሚያዋጣበት ሁኔታም አለ፣ እሱም ዛሬ ስክሪኑ ላይ ያለው ነገር፣ ነገ ምንም ባይጨመርበት እንኳን፣ የከፈላችሁትን ብር የሚያክል ከሆነ ብቻ ነው።

ኧርሊ አክሰስ ምን እንደሆነ በደንብ ያልገባው ካለ፣ ጌሙ ገና እየተሰራ ነው፣ ሰሪዎቹ ግን ባለበት ሁኔታ ይሸጡታል፣ እናንተ ከፍላችሁ እየተጫወታችሁ እነሱ እየጨመሩ እያስተካከሉ ይሄዳሉ፣ አንድ ቀን 1.0 ብለው ያለቀውን ይለቃሉ። ምትከፍሉት አንዴ ነው፣ ሲያልቅ ድጋሚ አትጠየቁም። ስቲም፣ ማለትም የኮምፒውተር ጌም በኢንተርኔት ሚሸጥበት ትልቁ መደብር፣ ይሄን አሰራር የጀመረው በማርች 2013 ነው፣ የጌሞቹን ዓመት በሙሉ በፈረንጆቹ ነው ምጽፈው፣ የኛን ስጠቅስ እነግራችኋለሁ። ስቲም ራሱ በጌሙ ገጽ ላይ በግልጽ አስቀምጦታል፣ ይሄ ጌም አላለቀም፣ ወደፊት ሊቀየርም ላይቀየርም ይችላል፣ አሁን ባለበት ሁኔታ መጫወት ካላጓጓችሁ ጠብቁ ይላል። ችግሩ ብዙ ሰው ቪዲዮውን አይቶ ቀጥታ ወደ መግዣው ነው ሚወርደው፣ ያቺን ሳጥን ሚያነባት ጥቂት ነው።

ከዚህ ጋር ሚምታቱ ሁለት ነገሮች አሉ። ፕሪ ኦርደር ሚባለው ጌሙ ሳይወጣ ቀድሞ መክፈል ነው፣ ስቲም ላይ ከሆነ ጌሙ እስኪወጣ ድረስ በፈለጋችሁ ሰዓት ብራችሁን ማስመለስ ትችላላችሁ። አድቫንስድ አክሰስ ሚባለው ደሞ ጨመር አድርጎ ለከፈለ ሰው ያለቀውን ጌም ጥቂት ቀን ቀድሞ መክፈት ነው፣ እዛ ላይ የተጫወታችሁት ሰዓት ለሪፈንድ፣ ማለትም ብር ለማስመለስ፣ ከሚፈቀደው 2 ሰዓት ላይ እንደሚቆጠር ስቲም በኤፕሪል 2024 ግልጽ አድርጓል። እነዚህን ሁለቱን እዚህ ጋ እንተዋቸው።

እኛ ጋ ሲሆን ለምን ይለያል

ጀርመን ያለ ልጅ ጌሙ አልጥምህ ሲለው ሪፈንድ ይነካል፣ ብሩ ወደ ካርዱ ይመለሳል፣ አለቀ። እኛ ጋ አብዛኛው ሰው ውጭ አገር ሚከፍል ካርድ የለውም። ወይ ቴሌግራም ላይ ኮድ (አካውንት ላይ ብር ወይ ጌም ሚያስገባ ቁጥር) ከሚሸጥ ሰው በቴሌብር ይገዛል ወይ ውጭ ያለ ዘመድ ይገዛለታል። ወሎ ውስጥ ውጭ ያለ ዘመድ ማለት ደሞ ብዙ ጊዜ አረብ አገር ያለች እህት ናት። ሳውዲም ትሁን ዱባይም ትሁን ቤሩት፣ ሰው ቤት ስትሰራ ውላ ያገኘችው ብር ነው። ወንድሟ ጌም አማረኝ ሲላት ምን ዓይነት ጌም ነው፣ አልቋል ወይ፣ ማን ነው ሚሰራው ብላ አትጠይቅም፣ «ደስ ይበለው» ብላ ትልካለች። ጉዳዩ ከጌም በላይ ሚሆንብኝ እዚህ ጋ ነው፣ በሷ ብር የሚገዛ ነገር ቢያንስ በእጅ ያለ ነገር መሆን አለበት፣ ወደፊት ይመጣል የተባለ ሳይሆን።

የምንዛሬው ነገርም አለ። በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ማለትም የ20 ዶላር ጌም ከ1,140 ብር ገደማ ተነስቶ ከ2,000 በላይ ገባ፣ ኮድ ሻጩ በላዩ ላይ ሚጨምረውን ሳንቆጥር።

መብራትና ኔትወርኩን ደሞ እኔ ልነግራችሁ አያስፈልግም። በኛ 2014 በጦርነቱ ጊዜ የሆነውን ሁላችንም አይተናል፣ በ2015 ክረምት ደሞ ሞባይል ዳታ በክልሉ ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ያለ ኢንተርኔት ማይከፈት ጌም ላይ ብር ያፈሰሰ ሰው በዛን ጊዜ ሁሉ ምንም አልነበረውም። ያላለቀ ጌም ላይ ይሄ ይብሳል፣ ሴቭ አደራረጉ ገና ያልተስተካከለ ጌም ላይ እየተጫወታችሁ መብራት እልም ሲል የሳምንት ልፋት አብሮ ሊሄድ ይችላል። አፕዴቱም ቢሆን፣ እየተሰራ ያለ ጌም በየጊዜው ትልልቅ አፕዴት ይለቃል፣ በዳታ ፓኬጅ ለሚያወርድ ሰው ያ ራሱን የቻለ ወጪ ነው፣ ዋጋው ላይ ግን ማንም አይደምረውም።

ኮምፒውተሩስ? ጌም ሲሰራ በደካማ ማሽን ላይ ቀለል ብሎ እንዲሄድ ማስተካከል ብዙ ጊዜ ወደ መጨረሻ ነው ሚመጣው። ከርባል ስፔስ ፕሮግራም 2 ሚባለው ሮኬት ሰርቶ ወደ ጠፈር የመላክ ጌም በፌብሩዋሪ 2023 ኧርሊ አክሰስ ሲገባ ትንሹ መስፈርት ተብሎ የተጻፈው ግራፊክስ ካርድ አርቲኤክስ 2060 ነበር። ካምፓስ ያለ ልጅ ባለ 8 ጂቢ ራም ላፕቶፕ ይዞ ይሄን አያስበውም። ጌሙ አልቆ ቢሆን ምናልባት ለደካማ ማሽን ይቀል ነበር፣ ግን ወደ ታች እንደምታዩት እዛ አልደረሰም።

አማራጭ አንድ፦ አሁኑኑ መግዛት

ጥሩ የወጣላቸውን ላስቀድም፣ ምክንያቱም ኧርሊ አክሰስ ሁሉ ሌብነት ነው ሚሉ ሰዎች ልክ አይደሉም። ሄዲስ በዲሴምበር 2018 በ20 ዶላር ገባ፣ በሴፕቴምበር 2020 አልቆ ሲወጣ 25 ሆነ። ቀድሞ የገዛ ሰው 5 ዶላር አተረፈ፣ ጌሙም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሚያዝናና ነበር። ፋክቶሪዮ ደሞ ጭራሽ ዲስካውንት አያደርግም፣ 20 ዶላር የነበረው በ2018 ወደ 30፣ በ2023 ወደ 35 ወጣ፣ እዛ ላይ የጠበቀ ሰው ነው የተጎዳው። ስሌይ ዘ ስፓየር በኖቬምበር 2017 ገብቶ በጃንዋሪ 2019 አለቀ፣ ደካማ ላፕቶፕ ላይም ይሄዳል። ቫልሄም በፌብሩዋሪ 2021 ሲገባ መጠኑ 1 ጂቢ አካባቢ ብቻ ነበር፣ ለኛ ኔትወርክ እንዲህ ያለ ጌም በረከት ነው፣ ዓመታት ኧርሊ አክሰስ ላይ ቆየ ግን የገዛው ሰው በመጀመሪያው ወር ራሱ ብሩን አግኝቷል። ባልዱርስ ጌት 3 በኦክቶበር 2020 በ60 ዶላር ገባ፣ የነበረው የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነው፣ በኦገስት 2023 ሙሉው ወጣና የዓመቱ ምርጥ ጌም ተባለ።

ባልዱርስ ጌት ላይ ግን ቆም በሉ። ዋጋው ሲያልቅም ያው 60 ነበር፣ ማለትም ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ድረስ ቀድሞ የከፈለ ሰው አንድ ዶላር አላተረፈም። በዛ ላይ በኧርሊ አክሰስ ጊዜ የተጫወተው ሴቭ ወደ ሙሉው ጌም አልተላለፈም፣ ከዜሮ መጀመር ነበረበት። ጌሙ ደሞ 150 ጂቢ ቦታ ይፈልጋል። እና ጥሩ የተባለው ምሳሌ እንኳን ለኛ ሰው ሲሰላ መጠበቁ ይሻል ነበር። ቀድሞ መግዛት ያረክሳል ሚባለው ጌም በጌም ነው ሚለያየው፣ ሰሪዎቹ ሲያልቅ ዋጋ እንጨምራለን ብለው ገጹ ላይ ካልጻፉ እንደሚጨምር አድርጋችሁ አታስቡ።

አሁን ወደ ከሸፉት። ዘ ዴይ ቢፎር ሚባለውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፣ ስቲም ላይ ሰዎች በጉጉት ሲጠብቋቸው ከነበሩት ቀዳሚ ነበር። በዲሴምበር 7፣ 2023 በ40 ዶላር ኧርሊ አክሰስ ገባ። በአራተኛው ቀን የሰራው ፋንታስቲክ ሚባለው ስቱዲዮ ተዘጋሁ አለ። ሰርቨሩ በጃንዋሪ 22፣ 2024 ጠፋ። ኦንላይን ብቻ ስለነበር ሰርቨሩ ሲጠፋ ጌሙም አብሮ ጠፋ፣ ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለው ፋይል ምንም አይጠቅምም። ስቲም ላይ ለገዙት ብራቸው ተመለሰ፣ እሱ ጥሩ ነው፣ ግን ብሩ ተመለሰ ማለት በከፈሉበት መንገድ ተመልሶ ሄደ ማለት ነው፣ ይሄ ለኛ ምን ማለት እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

እኔን በጣም ያስተማረኝ ግን የከርባል ስፔስ ፕሮግራም 2 ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ከርባል ራሱ ሳያልቅ ተሽጦ፣ እየተሻሻለ ሄዶ በኤፕሪል 2015 1.0 የደረሰ፣ ሰው ሁሉ ሚወደው ጌም ነው። ሁለተኛው ሲመጣ ከኋላው ቴክ ቱ ነበር፣ ትልቅ ኩባንያ፣ ጂቲኤን የሚሰራውን ሮክስታርን የያዘው ማለት ነው። ታዋቂ ስም፣ ትልቅ ብር፣ ሚወዱት ተጫዋቾች፣ ሁሉ አለ። ዋጋው 50 ዶላር። ቅኝ ግዛት መስራት፣ ወደ ሌላ ኮከብ መጓዝ፣ ከጓደኛ ጋር መጫወት ይመጣል ተባለ። ሲገባ በባግ፣ ማለትም በአሰራር ስህተት፣ የተሞላ፣ በጣም ከባድ ጌም ሆኖ ገባ፣ በዲሴምበር 2023 አንድ ደህና አፕዴት ተለቀቀ፣ በ2024 ስቱዲዮው ተዘጋ፣ ከጁን 2024 ወዲህ አፕዴት ቆመ። ከሦስቱ ትልልቅ ተስፋዎች አንዱም አልመጣም። ስለዚህ «ትልቅ ኩባንያ ነው፣ አይተወውም» ሚለውን ክርክር አልቀበልም። እንደውም ትልቅ ኩባንያ ካላዋጣው ቶሎ ነው ሚዘጋው፣ ትንሽ ቡድን ግን ብዙ ጊዜ ያ ጌም ኑሮው ስለሆነ ይታገልበታል።

ለምን እንደሚቆም ማወቁ ይጠቅማል። ያላለቀ ጌም ሲሸጥ ብዙው ሰው ሚገዛው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፣ ከዛ ሽያጩ ይቀዘቅዛል፣ የሰራተኛ ደሞዝ ግን በየወሩ ይወጣል። መጀመሪያ የገባው ብር ሲያልቅ ጌሙ ካላለቀ ሰሪዎቹ ከኪሳቸው እየከፈሉ ይቀጥላሉ ወይም ያቆማሉ። ደብል ፋይን ሚባለው ስቱዲዮ ስፔስቤዝ ዲኤፍ 9ን በ2013 ኧርሊ አክሰስ አስገብቶ በ2014 ልማቱን ያቆመው በዚህ ነው፣ ሚገባው ብር ሚወጣውን አልሸፈነም። ክፋት አልነበረበትም፣ ሒሳቡ አልመጣም ነው። እና ሰሪው ጥሩ ሰው መሆኑ ብራችሁን አያድንም።

ሦስተኛ ዓይነት ደሞ አለ፣ የማይከሽፍ ግን የማያልቅ። ዴይዚ በዲሴምበር 2013 ገብቶ 1.0 የደረሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ሰቨን ደይስ ቱ ዳይ በዛው ወር ገብቶ ያለቀው በ2024፣ ከአስር ዓመት በላይ። ዘጠነኛ ክፍል ሆኖ የገዛ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ይዟል ማለት ነው። ፕሮጀክት ዞምቦይድም ከ2013 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ኧርሊ አክሰስ ላይ የቆየ ነው፣ ግን እሱን ዛሬ ብትገዙት ካለቁት ብዙዎቹ ጌሞች የበለጠ ይዘት ታገኛላችሁ፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሰራል፣ ስለዚህ እሱ ላይ አልከራከርም።

እነዚህን ሁሉ ስታዩ ጥሩዎቹን ከመጥፎዎቹ ሚለየው ነገር ግልጽ ነው፣ ሄዲስም ቫልሄምም ስሌይ ዘ ስፓየርም በገቡበት ቀን ራሱ ጥሩ ጌም ነበሩ። ከርባል 2ና ዘ ዴይ ቢፎር የተሸጡት በሚመጣው ነገር ነው።

ሪፈንድ አለ አይደል ወይ?

አለ። ስቲም ላይ በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ ከጠየቃችሁና የተጫወታችሁት ከ2 ሰዓት በታች ከሆነ ይመልሳል፣ ኧርሊ አክሰስም ይሁን። ግን ያላለቀ ጌም ችግሩ በ2 ሰዓት አይታይም። ሰሪዎቹ ብዙ ጊዜ መጀመሪያውን አሳምረው ነው ሚለቁት፣ መንገዱ ሚቆረጠው፣ «ይሄ ክፍል በቅርቡ ይመጣል» ሚለው ጽሑፍ ሚመጣው አምስት ስድስት ሰዓት ከገባችሁ በኋላ ነው፣ ያኔ ሪፈንዱ አልፏል። ሌላ ልብ ማትሉት ነገር፣ ሰዓቱ ሚቆጥረው ጌሙ ክፍት እስከሆነ ድረስ ነው፣ ሜኑ ላይ ትታችሁት ቡና ጠጥታችሁ ብትመጡ፣ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ሁሉ ተቆጥሯል። ስቲም ላይ ማውረዱ አይቆጠርም፣ ግን አንዳንድ ጌም ከተከፈተ በኋላ በራሱ ላውንቸር (ማስጀመሪያ ፕሮግራም) ሌላ ፋይል ያወርዳል፣ ያ ይቆጠራል፣ በኛ ኔትወርክ ገና ሳትጫወቱ 2 ሰዓቱ ሊያልቅ ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ዝጉትና ሪፈንድ ጠይቁ፣ እስከ ማታ አትጠብቁ።

አማራጭ ሁለት፦ እስኪያልቅ መጠበቅ

እዚህ ላይ ብዙ ማወራው የለኝም፣ አንድ ከባድ ተቃውሞ ብቻ ልመልስ። «ብሩ እየወረደ ነው፣ ዛሬ 2,000 ብር ምገዛውን ከሁለት ዓመት በኋላ በእጥፍ ልገዛው ነው፣ ስለዚህ አሁን ይሻላል» ሚሉ ልጆች አሉ፣ እውነት አላቸው፣ ሐምሌ 2016 ያየነው ነገር ነው። ግን ሒሳቡን ሙሉ ስሩት። መጠበቅ ዋጋውን ያስወድድባችሁ ይሆናል፣ የተተወ ጌም ግን የከፈላችሁትን በሙሉ ነው ሚወስደው። ደሞ አብዛኛው ጌም፣ እንደ ፋክቶሪዮ ያሉትን ሳንጨምር፣ ካለቀ ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ ግማሽ ዋጋና ከዛ በታች ይወርዳል፣ ያ የምንዛሬውን ጭማሪ ብዙውን ይሸፍናል። ብራችሁ ዋጋ እንዳያጣ ከፈለጋችሁ ዛሬ ያለቀ ጌም ግዙበት፣ ያኛውን ዊሽሊስት (ስቲም ላይ ምትፈልጓቸውን ጌሞች ምትይዙበት ዝርዝር) ውስጥ አስገቡትና ተዉት፣ ሲያልቅም ዲስካውንት ሲኖርም ስቲም ራሱ ኢሜይል ይልክላችኋል።

አማራጭ ሦስት፦ ያለቀ፣ ትንሽ የቆየ ጌም

የኔ ምርጫ ይሄ ነው። ስታርዲው ቫሊ በ2016 የወጣ ነው፣ 15 ዶላር፣ አንድ ሰው ብቻውን የሰራው፣ የግብርና ጌም ነው፣ በማንኛውም ላፕቶፕ ይሄዳል፣ ያለ ኢንተርኔት ይሰራል፣ ከወጣ በኋላ እስካሁን ትልልቅ አፕዴት በነፃ ሲጨመርለት ኖሯል፣ በማርች 2024 እንኳን 1.6 ወጥቶለታል። እዩት እስኪ፣ ኧርሊ አክሰስ ቃል ሚገባውን ነገር፣ እየጨመሩ መሄዱን፣ ይሄ ጌም አልቆ ከተሸጠ በኋላ ነው ያደረገው። ቴራሪያ 2011፣ 10 ዶላር፣ እሱም እንዲሁ ዓመት ሙሉ አያልቅም። ፖርታል 2 2011፣ 10 ዶላር፣ ዲስካውንት ሲሆን በጣም ይወርዳል። ሆሎው ናይት 2017፣ 15 ዶላር።

እነዚህ ጌሞች ላይ በሺዎች ሚቆጠር ሪቪው፣ ማለትም የገዢዎች አስተያየት፣ አለ፣ በናንተ ዓይነት ላፕቶፕ ሲሄዱ ሚያሳይ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል፣ መጨረሻቸው ይታወቃል። ምታጡት ነገር ወሬው ነው፣ ሁሉም ሰው ስለ አዲሱ ጌም ሲያወራ እናንተ አሮጌ ላይ ናችሁ። ካምፓስ ውስጥ ጓደኞቻችሁ አብረው ሚጫወቱት ጌም ከሆነ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ አብሮ መጫወት የጌም ግማሹ ነው፣ እሱን አልንቅም። አብሽሩ፣ ቴራሪያም ስታርዲውም ከጓደኛ ጋር ይጫወታሉ፣ በአንድ ዋይፋይ ላይ።

ነፃ የሆኑት

ዴሞ፣ ማለትም በነፃ ሚሞከር የጌሙ ቁራጭ፣ ያለው ጌም ከሆነ መጀመሪያ ዴሞውን አውርዱ። ስቲም ኔክስት ፌስት ሚባል በዓመት ሦስት ጊዜ ሚያዘጋጀው ዝግጅት አለ፣ ያኔ ገና ያልወጡ ጌሞች ዴሞ በብዛት ይለቀቃል፣ ያላለቀ ጌም የማየት ፍላጎታችሁን በነፃ ትወጡበታላችሁ። ኦፕን ቲቲዲ ሚሏት የትራንስፖርት ጌም ትንሽዬ ናት፣ በነፃ ነው፣ በአሮጌ ኮምፒውተር ትሄዳለች። ዜሮ ኤዲ ሚባለው የጦርነት ስትራቴጂ ጌም ደሞ ለዓመታት አልፋ (የመጀመሪያ ሙከራ) እየተባለ የቆየ ያላለቀ ጌም ነው፣ ግን ነፃ ስለሆነ ምታጡት ዳታ ብቻ ነው፣ ያላለቀ ነገር መሞከር እንዲህ ሲሆን አልቃወምም። ዶታና ካውንተር ስትራይክ ነፃ ናቸው፣ ዳታውና ፒንጉ፣ ማለትም የኔትወርኩ መዘግየት፣ ግን እዚህ ያስቸግራል። ክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት የተሰበረ ኮፒ፣ ሚያወርዱም እንዳሉ አውቃለሁ፣ ኧርሊ አክሰስ ጌም በክራክ ማለት አንድ የተበላሸ ቨርዥን ላይ ተቸክሎ መቅረት ነው፣ ቫይረሱም አለ፣ አልመክርም።

ክራውድፈንዲንግስ? ጌሙ ገና ሐሳብ እያለ መክፈል ማለት ነው። ሆሎው ናይት ከእንዲህ ያለ መዋጮ የተወለደ ነው፣ ያምራል። ስታር ሲትዝን ግን ከኦክቶበር 2012 ጀምሮ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ ከአስር ዓመት በኋላም አላለቀም ነበር። ከደሴ ሆኖ ለዚህ ብር ማውጣት ፈጽሞ አይመከርም፣ እዚህ ላይ ሌላ ወገን የለውም።

የከፈላችሁበት መንገድ ከጌሙ እኩል ነው

ይሄን ሰዎች አያነሱትም፣ ግን ያላለቀ ጌም ላይ ከሆነ ዋናው ነገር ነው፣ ምክንያቱም ጌሙ ሲከሽፍ ብሩ ሚመለሰው በመጣበት መንገድ ነው።

ዘመድ በስጦታ ሲልክላችሁ፣ ማለትም እህታችሁ በራሷ ስቲም አካውንት ገዝታ ጊፍት ስታደርግላችሁ፣ ሪፈንዱን ምትጠይቁት እናንተ ናችሁ፣ ብሩ ሚመለሰው ግን ለሷ ነው። ይሄ ከሁሉም ይሻላል፣ ብሩ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። የሁለቱ አገር ዋጋ በጣም ከተራራቀ ግን ስቲም ስጦታውን ላያሳልፍ ስለሚችል ከመግዛቷ በፊት በሁለቱም አካውንት ዋጋውን አወዳድሩ።

የስቲም ዋሌት ኮድ፣ ማለትም ስቲም አካውንታችሁ ላይ ብር ሚሞላ ቁጥር፣ ገዝታችሁ ከሆነ ሪፈንዱ ወደ ዋሌታችሁ ይገባል፣ ወደ ብር አይለወጥም ግን ሌላ ጌም ትገዙበታላችሁ፣ አልጠፋም። ኮድ ሻጩን በተመለከተ፣ በሰው በሰው ምታውቁት፣ ደሴ ውስጥ ሱቅ ያለው ሰው ቢሆን ይመረጣል፣ ፒያሳም ይሁን ሸርፍ ተራ፣ ሄዳችሁ ልታነጋግሩት ምትችሉት። ኮዱን ፊት ለፊቱ አስገቡት፣ ሲሰራ አይታችሁ ክፈሉ።

የጌም ኪ፣ ማለትም አንድ ጌም ብቻ ሚከፍት ቁጥር ከሌላ ቦታ ከገዛችሁ፣ ስቲም ሪፈንድ አያደርግላችሁም፣ የሸጣችሁ ሰው ነው ተጠያቂው፣ ኪው በተሰረቀ ካርድ የተገዛ ከሆነ ደሞ በኋላ ሊሰረዝባችሁ ይችላል። ያላለቀ ጌም በኪ መግዛት ሁለቱን አደጋ አንድ ላይ መሸከም ነው። የሰው አካውንት መግዛት ከሁሉም ይከፋል፣ የስቲምን ደንብ ይጥሳል፣ የመጀመሪያው ባለቤት በፈለገ ጊዜ ለስቲም ጽፎ መልሶ ሊወስደው ይችላል፣ እናንተ ምንም ማስረጃ የላችሁም።

እንግዲህ ካየሁት በኋላም እገዛለሁ ካላችሁ

የጌሙ ገጽ ላይ ሰሪዎቹ ለጥያቄ የመለሱበት ክፍል አለ፣ ለምን ኧርሊ አክሰስ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ አሁን ምን አለው፣ ሲያልቅ ዋጋው ይቀየራል ወይ ሚል። አሁን ምን አለው ሚለውን ብቻ አንብቡ፣ የሚመጣውን ተዉት። ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ስቲም አንድ ጥሩ ነገር ጨምሯል፣ ሰሪዎቹ ጌሙን አፕዴት ካደረጉ ከዓመት በላይ ከሆነ ገጹ ላይ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ያን ካያችሁ ውጡ። ማስጠንቀቂያው ባይኖርም የአፕዴት ታሪኩን ክፈቱ፣ በየወሩ በየሁለት ወሩ ሲጨምሩ የነበሩ ሰዎች ድንገት ስድስት ወር ዝም ካሉ አንድ ነገር አለ። ሪቪው ስታነቡ ጠቅላላውን ሳይሆን የቅርብ ጊዜውን፣ ያለፈውን አንድ ወር፣ እዩ፣ ከርባል 2 ላይም ሰዎች እውነቱን የጻፉት እዛ ነው። ያለ ኢንተርኔት ይሰራል ወይ ሚለውን እዩ፣ ካልሰራ ተዉት። መስፈርቱ ከላፕቶፓችሁ ጋር እኩል ከሆነም ተዉት፣ ያላለቀ ጌም ላይ ከመስፈርቱ ከፍ ማለት ያስፈልጋል። ከገዛችሁ በኋላ የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ተኩል ማዝናኛ አታድርጉት፣ ፈትሹት፣ ሴቭ አድርጉ፣ ዝጉ፣ ዋይፋይ አጥፍታችሁ ክፈቱ፣ ሴቩ አለ ወይ?

ፒኤስ ቤት ወይ ጌም ቤት ያላችሁ ሰዎች ለደንበኛ ልታስጫውቱበት ከሆነ ያላለቀ ጌም ጭራሽ አትያዙ፣ በሰዓት ሚከፍል ልጅ ጌሙ መሃል ላይ ሲዘጋበት እናንተን ነው ሚጠይቀው፣ የግል አካውንት ደሞ ለንግድ አልተፈቀደም፣ ስቲም ለካፌዎች ለብቻው ያዘጋጀው ፕሮግራም አለ። ካምፓስ ያለ፣ ባለ 8 ጂቢ ራም ላፕቶፕ ተማሪ ስታርዲው ወይ ቴራሪያ ይግዛ። ፋክቶሪዮ እስካሁን ዲስካውንት አድርጎ ስለማያውቅ፣ እሱን ሚፈልግ ሰው መጠበቁ አይጠቅመውም፣ ደሞ አልቋል፣ ይግዛ።

እህቱ ምትገዛለት ልጅ ደሞ፣ ከመጠየቅህ በፊት ንገራት፣ ጌሙ አልቋል ወይ አላለቀም፣ ስንት ነው፣ ሪፈንዱ እስከ መቼ ነው። ብሩን ከምትልክልህ ከቻለች ራሷ ገዝታ ጊፍት ታድርግልህ፣ ደርሶህ በከፈትከው ቀን ፈትሸው፣ ካልሆነ ዛሬውኑ ሪፈንድ ጠይቅና ብርሽ ተመልሷል ወይ ብለህ ደውልላት።